የእትዬ ኪንታ የወራጆች ቤት

ከቀማኛ ይሰውረን እንላለን እንጂ ከለጋስ ማን እንደሚሰውረን አስበን አናውቅም። ቀማኛ ወስዶ ይሄዳል። ለጋስ ግን ሰጥቶ ተመልሶ ይመጣል፤ የሰጠውን ሊያይ፣ ሊነካካ፣ «ለምን እዚህ አስቀመጣችሁት?» ሊል። በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። የኛ የኤሊንኪኗ ክብርት እትዬ ኪንታ ማንጋ ናቸው።

እትዬ ኪንታ በካሹ ለውዝ ንግድ የከበሩ ሴት ናቸው። መስጠሟን ዓለም ሁሉ ከሰማላት፣ እኛ ግን ስሟን ከማንጠራት መርከብ ከተረፉት ጥቂቶችም አንዷ ናቸው። በተገለበጠችው መርከብ ጀርባ ላይ ተቀምጠው አነጉ። ከዚያ ወዲህ ሲቀመጡ ያየ የለም። ወንበር ሲቀርብላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «የምቀመጠውን ተቀምጫለሁ።»

ለማዋለጃው ስድስት አልጋ ሰጡ። በሳምንቱ መጥተው ፍራሹን አንድ በአንድ በጡጫ ሲፈትሹ፣ ምጥ የያዛት ሴት ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች። አስተምርበት ለነበረው ትምህርት ቤት ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጠጣሁት ውሃ ለግመል ይበቃል። ካልጠጣሁ «መምህር፣ ውሃው ምን ሆነ?» ይሉኛል።

የልግስናቸው ቁንጮ ግን ወንዙ ዳር ነው። ወደ ካራባን ደሴት የምታሻግረው የአንሱ ታንኳ ሃያ ሰው ትይዛለች። አንሱ ሁልጊዜ ሃያ አንድ ይጭናል። እትዬ ኪንታ ዳር ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩና «አንድ ሰው ይውረድ» ይላሉ። ለወረደው ሰው ሲሉ እዚያው ቤት ሠርተዋል፤ ምንጣፍ አለው፣ ሩዝና በሎሚ የተቀቀለ ዓሣ አለው፣ በማግስቱ የታንኳዋ የመጀመሪያ ቦታ የሱ ነው። የወራጆች ቤት እንለዋለን። እንዲህ ያለ ምሳ እየጠበቀን እንኳ የሚወርድ ጠፍቶ ስንቴ ተጨቃጭቀናል።

አምና የእህቴ ልጅ ካራባን ላይ ልትዳር ሆነ። አባቷ በሕይወት ስለሌለ ለባሏ የማስረክባት እኔ አጎቷ ነበርኩ። እንደ አገራችን ወንዶች ወግ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ታንኳዋ ውስጥ ገባሁ።

«አንድ ሰው ይውረድ» አሉ እትዬ ኪንታ።

ማንም አልተነቃነቀም። እኔም ሰማዩን ማየት ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ያቺ ጥጉ ላይ ያለችው እኮ ቀጭን ናት፣ ከሰው አትቆጠርም» አለ አንሱ።

«ውሃው ቀጭን ከወፍራም አይለይም።»

አንዲት ዓሣ ነጋዴ ትዕግሥቷ አለቀ። «እርስዎ ስለተረፉ እኛ ከመንገድ እንቅር?»

እትዬ ኪንታ ሽርጣቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገቡና ታንኳዋ ላይ ወጡ። አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንግዲያው ሃያ ሁለት ሆነን እንሂድ» አሉ።

ከዚያች መርከብ ወዲህ ውሃ ላይ ወጥተው አያውቁም። የታንኳዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ። አንሱ የሞተሩን ገመድ ያዘ፤ እሳቸውን እያየ ግን ሊስበው አልቻለም። እኔ በንዴት ጦፍኩ፤ በሳቸውም፣ በአንሱም፣ በአዲሱ ቀሚሴም።

«ይነሡ እትዬ፣ እኔ እወርዳለሁ» አልኳቸው።

«ሙሽራዋስ?»

«ትጠብቃለች።»

አልጠበቀችም። ሌላ አጎት አስረከባት፤ እስከ ዛሬም ስልኬን የምታነሣው በሦስተኛው ጥሪ ነው። በኋላ ባሏን ተከትላ ዚጊንሾር ከተማ ገባች፤ አሁን ካራባን ላይ የማውቀው አንድም ሰው የለም።

ይሁንና በየገበያው ቀን ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እሳፈራለሁ። «አንድ ሰው ይውረድ» ሲሉ እያጉረመረምኩ እወርዳለሁ። ሰሞኑን አንሱ ነገሩ ገብቶት «መምህር፣ ያለ እርስዎ እኮ ልክ ሃያ ነበርን» አለኝ።

«ልክ ሃያ የሆናችሁት እኔ ስለወረድኩ ነው» ብዬው ሄድኩ።

እትዬ ኪንታ ማን ዘንድ እንደምሄድ ጠይቀውኝ አያውቁም። የዚያን ቀን ሩዙን አቅርበውልኝ ሻንጣዬን ከመንገድ ሊያነሡ ያዙት። ባዶ ነው።

«ቀሏል፣ መምህር» አሉ።

«መንገደኛ ሸክም አያበዛም።»

ሻንጣውን ግድግዳው ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ አጠገቤ፣ የዓሣዬን አጥንት ለቅሜ እስክጨርስ ድረስ ተቀመጡ።