ሊቀ ሪሞት እና ቀርፋፋው ሳጥን

ዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ የሚገዛና ዕቃ የሚያስገዛ። የሚገዛው ከፍሎ፣ ተሸክሞ፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የሚያስገዛው ግን ዕረፍት የለውም። የጎረቤት ፍሪጅ ሲያጉረመርም ከግድግዳ ማዶ ሰምቶ "ነግሬህ ነበር!" ይላል። ዕቃው ሲበላሽ "አያያዛችሁ ነው" ብሎ ይቆጣል፤ በደንብ ሲሠራ ደግሞ መጥቶ ሻይ ይጠጣበታል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝና ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ ልግባ።

በዶንግጋንግ ወደብ፣ ከዓሣ ጨረታው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንደር ይህን የተከበረ ወንበር የያዙት ጡረተኛው የበረዶ ፋብሪካ መካኒክ፣ ክቡር ሊቀ ሪሞት ሁዎቱ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። በሸሚዛቸው የደረት ኪስ ሁለት ሪሞት፣ በሱሪያቸው ኪስ የተጠቀለለ ገመድ ሳይዙ ከቤት ወጥተው አያውቁም።

"ቆይ፣ እናመዛዝን!" ነው ቃላቸው። አንዱ ስልክ ሊቀይር ሲል "ቆይ፣ እናመዛዝን!" ሙሽሪት የልብስ ማጠቢያ ልትገዛ ስትል "ቆይ፣ እናመዛዝን!" አንዴማ ለቅሶ ቤት ሄደው፣ ለሟቹ በወዲያኛው ዓለም እንዲደርሰው ሊቃጠል የተዘጋጀውን የወረቀት ቴሌቪዥን አንስተው ግራ ቀኙን አዩና፣ "ይሄ እኮ ማቆሚያ የለውም! ሰውዬው እዚያ ቤት ምን ላይ ሊያስቀምጠው ነው?" ብለው የሟቹን ሚስት በእንባዋ መሃል አሳቋት። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች። አጠገባቸው የቆመችው ልጃቸው ፔይቹን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ፔይቹን ከመንደሩ ጥግ ቁርስ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእንቁላል ቂጣ እየጠበሰች፣ የአኩሪ አተር ወተት እየቀዳች አንድ ልጇን አሳድጋለች። ታታሪ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ድምጿ ከመጥበሻው ጩኸት በላይ ወጥቶ አያውቅም። ደግሞ የሊቀ ሪሞት ልጅ ናት። ደንበኛው ቂጣውን ሳይጎርስ፣ "አባትሽ የመረጡልን ድምፅ ማጉያ እኮ..." ብሎ ሲጀምር ፔይቹን አንገቷን ደፍታ ያልተቃጠለውን ቂጣ ታገላብጣለች። አባቷን አትወድም ማለት አይደለም። ትወዳለች፤ እቤት ውስጥ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍራት ግን የሰፈሩን ሁሉ ቴሌቪዥን በመረጡት ሰውዬ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ባዶ ማንጠልጠያ ብቻ መሆኑ ነበር። "ለመቶ ጣቢያ ከፍለን ሁለት ነው የምናየው፤ ይሄ ምን ዓይነት ሞኝነት ነው?" ብለው ገመዱን አስነቀሉ። ቤቱን ሲኒማ ቤት አደርገዋለሁ፣ ቀጥታ ስርጭት በኢንተርኔት የሚያሳይ ሳጥን እመርጣለሁ አሉ። ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ፤ እሳቸው አሁንም ያመዛዝናሉ።

እንዲህ እያሉ ሳሉ ነው ካይሼንግ የደወለው።

ካይሼንግ የፔይቹን ልጅ ነው፤ ቤዝቦል ይጫወታል። "እማ፣ ቅዳሜ ልሰለፍ ነው። ዋናው ሊግ! በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል!" አላት። ፔይቹን መጥበሻው ላይ ሁለት እንቁላል አንድ ላይ ሰበረች። "ይኸውልሽ እማ፣ ዘንድሮ እንኳ እዪኝ። ዕቃ ሳጥብ ነበር፣ ሱቅ ሄጄ ነበር የለም። ቃል ግቢልኝ" አለ።

ልጁ እውነቱን ነው። ተማሪ ሳለ አንድ ጨዋታ ላይ የተወረወረች ኳስ ጉንጩን መታችው። ፔይቹን አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር፤ የምቱን ድምፅ ሰማች። አጥንቱ ድኗል። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እሱ ሲጫወት አይታ አታውቅም፤ ጓዳ ገብታ የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች፣ ሲያልቅ ውጤቱን ደንበኛ ትጠይቃለች። ልጇ ዱላ ይዞ ሲቆም ማየት ያቃታት እናት መሆኗ ከአባቷ ሪሞቶች የባሰ እፍረት ነበር፤ ለማንም አውርታው አታውቅም። ቢሆንም "እሺ፣ አይሃለሁ" ብላ ቃል ገባች። ስልኩን ዘግታ የታጠበውን ድስት መልሳ ማጠብ ጀመረች። ሊቀ ሪሞት ጥግ ተቀምጠው ገመድ ይጠቀልሉ ነበር፤ ቀና ብለው አዩዋት።

ሰፈሩ በአንድ ቃል ወሰነ። ጨዋታው የሚታየው መንደሩ አፍ ላይ ባለው የሰፈሩ አድባር መቅደስ ፊት ነው። የዓሣ ምግብ ቤቱ ባለቤት ትልቁን ቴሌቪዥን ያውሳል፣ የሩዝ ፓስታ ይቀቀላል፣ ርችት ይዘጋጃል። የቴሌቪዥኑን ሳጥን የሚመርጠው ማነው? ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

"ቆይ፣ እናመዛዝን!" አሉ ሊቀ ሪሞት።

ሐሙስ ዕለት አባትና ልጅ በፔይቹን ሞተር ሳይክል ከተማ ወጡ። ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ገብተው ሻጩን ይዘው ቆሙ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፈጣኑን፣ አዲሱን፣ በድምፅ የሚታዘዘውን እያነሳ አሳያቸው። ሊቀ ሪሞት ሁሉንም እያስበሩ፣ እያስዘጉ፣ ከራሳቸው ገመድ ጋር እያገናኙ ቆዩና ጮክ ብለው ጠየቁ፦

"ከእነዚህ ውስጥ ቀጥታ ስርጭት ላይ ወደ ኋላ የሚቀረው የቱ ነው?"

"የማይዘገየውን ማለትዎ ነው አባባ?"

"የሚዘገየውን ነው ያልኩህ! ከሁሉም ቀርፋፋውን!"

ማቀዝቀዣ የሚመርጡት ባልና ሚስት ዞረው ሳቁ። ሌላኛው ሻጭ፣ "ለቀርፋፋ እንኳ መጋዘን ወርደን ማየት ይኖርብናል" አለ፣ እሱም ሳቀ። "ውረዳ!" አሉ ሊቀ ሪሞት፣ ከልባቸው። አሁን መደብሩ በሙሉ ሳቀ። ፔይቹን የአምፖሉ መደርደሪያ ጋ ሽምቅቅ ብላ ቆማ ነበር። ሻጩ ላቡን እየጠረገ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ አባትሽ ናቸው?"

"ኧረ አይደሉም" አለች ፔይቹን። "በር ላይ ነው የተገናኘነው።"

አፏ ነው የተናገረው፤ ልቧ ሲደርስ ቃሉ ወጥቷል። ሊቀ ሪሞት ጀርባቸውን ሰጥተው ሪሞት ይሞክሩ ነበር። አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆየና እንደገና መጫን ጀመረ።

ሲመለሱ ከኋላዋ ተቀመጡ። ወትሮ "ፍሬኑን አትርገጪው፣ ዳብሺው!" የሚሉት ሰውዬ ዛሬ የገዙትን ቀርፋፋ ሳጥን አቅፈው በቀይ መብራት እንኳ ወደ ጎን ያያሉ። ፔይቹን የራስ ቁሯ ውስጥ ጉንጯ ነደደ። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላ መኪና ጮኸባት። ቤት ደረሱና ሁለቱም በየፊናቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ለደንበኛ ቁርስ ልታደርስ ስትወጣ አባቷን መቅደሱ ውስጥ ተንበርክከው አየቻቸው። አድባሩ የሚጠየቅባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ እንጨቶች ይጥላሉ። አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ከወደቀ አድባሩ እሺ አለ ማለት ነው፤ ሁለቱም በጀርባቸው ከተንጋለሉ ግን ይስቃል። አድባሩ ሳቀባቸው። አንስተው ጣሉ፤ አሁንም ሳቀ። ሊቀ ሪሞት ወደ ሐውልቱ ተጠግተው፣ ሳጥኑን ከነካርቶኑ አሳይተው፣ በጣታቸው አየር ላይ ገመድ እየሳሉ ያስረዱት ጀመር። በዕድሜያቸው ሙሉ ዝግ ብለው ያወሩት ያን ቀን ብቻ ነው። እንደገና ጣሉ። እሺ አላቸው።

"አባትሽ አድባሩንም ዕቃ ሊያስገዙት ነው መሰለኝ!" አለ በዚያ ሲያልፍ ያገኛት ደንበኛዋ። ፔይቹን ለቀርፋፋ ሳጥን ስለት የሚሳልበት አገር እዚህ ብቻ መሆን አለበት እያለች በሌላ መንገድ ዞራ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት መንደሩ በሙሉ መቅደሱ ፊት ወጣ። ሊቀ ሪሞት ቅርጫት ይዘው በወንበሮቹ መሃል እየዞሩ፣ "ስልክ! ስልክ! ሁሉም ስልኩን ያስገባ! ስልክ ኢንተርኔቱን ይሻማዋል!" እያሉ ሰበሰቡ። እየተነጫነጩም ቢሆን ሰጧቸው። ያልመጣችው ጎረቤታቸው እትዬ ዩዌጃው ብቻ ናት። የሰፈሩ ጩኸታም እሷ ናት፤ "ጣራዬ ላይ አንቴና አለኝ፣ የአንተን ምክር አልፈልግም" ብላ እስከ ዛሬ የፀናች ብቸኛዋ ነፍስ። ቤቷ ከመቅደሱ ጎን ነው፤ ቴሌቪዥኗን ከፍታ እቤቷ ተቀምጣለች። ወትሮ ለዜና የምትጮኸው ሴትዮ ዛሬ ኮሽታ አታሰማም።

ፔይቹንን ፊት አስቀመጧት። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው ከኪሳቸው አሮጌ ሬዲዮ አወጡና ኤርፎኑን ጆሯቸው ውስጥ ወተፉ።

"አባዬ! ሰው ያያል እኮ! የልጅ ልጅህ ሊጫወት ሬዲዮ ትሰማለህ?"

"የዓሣ ዋጋ ነው" አሉ።

ከኋላ ሰው ተንሾካሾከ፤ እሷ ፊቷ ደም መሰለ። ሥዕሉ ግን ጥርት ያለ ነበር፣ ሣሩ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ካይሼንግ ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። ፔይቹን ጉልበቷን ጨበጠች።

"ፔይቹን፣ ፓስታው አረረ" አሉ አባቷ።

"እኔ አልሸተተኝም..."

"አረረ እኮ ነው የምልሽ፣ ሂጂ!"

ሮጣ ሄደች። አላረረም። ስትመለስ ካይሼንግ ሦስቱንም ኳስ ስቶ ወጥቷል። አላየችም። በእፍረቷ ውስጥ ትንሽ እፎይታ ተሰማትና በእሱም አፈረች። ሁለተኛ ተራው ሲደርስ አባቷ ድንገት ፊታቸው አመድ መሰለ። "ሻይ" አሉ፣ "ቶሎ በይ፣ ትኩስ ሻይ አምጪልኝ።" ሻዩን ይዛ ስትመጣ ሕዝቡ ጸጥ ብሏል፣ ካይሼንግ የሜዳው መጀመሪያ ማዕዘን ላይ ቆሞ ሱሪውን ያራግፋል። ሊቀ ሪሞት ሻዩን አልነኩትም።

"ቃል ገብቼለት እኮ ነው አባዬ" አለች። "አንተ ዕቃ ስታስመጣኝ ጨዋታው አለቀ።"

ሦስተኛው ተራ መጣ፤ የመጨረሻው። ወርዋሪው ጓንቱ ውስጥ ኳሱን ያሽከረክራል። ፔይቹን እንደ ልማዷ ዓይኗን ልትጨፍን ስትል የአባቷ ሻካራ እጅ አንጓዋን ያዛት።

"አሁን እዪ" አሉ። "አይዞሽ ልጄ። ዓይንሽን ግለጪና እዪ።"

ዞራ አየቻቸው። ወርዋሪው ገና እጁን አላነሳም፤ አባቷ ግን እያለቀሱ ነው። እየሳቁ ያለቅሳሉ። ዓይኗ ከእንባቸው ወደ ኤርፎኑ፣ ከኤርፎኑ ወደ ሬዲዮው ሄደ። የዓሣ ዋጋ! ሬዲዮው ፈጣን፣ ሳጥኑ ቀርፋፋ። በመሃል ያለችው ግማሽ ደቂቃ ፓስታ ለማየት፣ ሻይ ለማምጣት ትበቃለች። ሰውዬው መደብሩን ሁሉ ያስፈተሹት፣ ሰው ሁሉ የሳቀባቸው፣ አድባሩ እንኳ የሳቀባቸው፣ ይቺን ግማሽ ደቂቃ ፍለጋ ነው። ለእሷ!

"እኔን ሳይሆን እሱን እዪ!" አሉ ሊቀ ሪሞት።

አየች። ኳሷ መጣች፣ ዱላው ዞረ፣ ጯ! ኳሷ በሁለት ተከላካዮች መሃል አልፋ እስከ አጥሩ ነጎደች። ካይሼንግ ሮጠ፣ አንዱን ማዕዘን አለፈ፣ ሁለተኛው ላይ ተንሸራቶ ገባ። መንደሩ በአንድ ላይ ተነሳ፣ ርችቱ ተንጣጣ። ያኔ የእትዬ ዩዌጃው በር ተበርግዶ ተከፈተ፤ ሴትዮዋ ፎጣ አፏ ውስጥ ወትፋ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ወጣች። ፎጣውን መዛ ጣለችው።

"አሁን ልጩህ? ልጩህ አሁን? ልፈነዳ ነው! አንቴናዬ ከሳጥናችሁ ቀድሞ እያሳየኝ፣ ለዚህ ሰውዬ ብዬ ጨዋታውን ሙሉ ፎጣ ስበላ ዋልኩ እኮ! ትናንት መጥቶ ጉልበቴ ላይ ነው የወደቀው!"

"ዩዌጃው!" አሉ ሊቀ ሪሞት፣ ተቆጥተው።

ወንበር ሲሰበሰብ ፔይቹን አጠገባቸው ቆመች። "ሻይ ስታስመጣኝ ምን ሆኖ ነበር?"

"ኳሷ ክንዱን ነካችው። ምንም አልሆነም፤ ሲነሳ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።"

"አባዬ... ያን ዕለት መደብሩ ውስጥ ያልኩት..."

"የትኛው መደብር?" አሉ፣ ሪሞቱን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ። "እኔ ስንቱን ዞሬያለሁ መሰለሽ። ማን ያስታውሳል።" ቀና ብለው ግን አላዩዋትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ቀርፋፋው ሳጥን ለካይሼንግ ጨዋታ ብቻ ተመደበ፤ ባዶው ማንጠልጠያም ቴሌቪዥን ተሰቀለበት። ለዜና ግን ፈጣን ሳጥን ያስፈልጋል ተባለ። በቀጣዩ ሐሙስ ያ መደብር እንደገና ገቡ፤ ሻጩ ከሩቅ ሲያያቸው በረጅሙ ተነፈሰ። ሊቀ ሪሞት ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ሪሞት አንስተው ጀርባቸውን ሰጡ። ልጁ ወደ ፔይቹን ተጠጋ።

"እህቴ፣ ዛሬም በር ላይ ተገናኛችሁ?"

የፔይቹን ድምፅ ከመጥበሻ ጩኸት በላይ ወጣ፤ ማቀዝቀዣ ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ዞሩ። "አባቴ ነው!" አለች። "ጥያቄው ረጅም ነው፤ ወንበር አምጣለት።"

የሊቀ ሪሞት አውራ ጣት ቁልፉ ላይ ቆመ። ሳይዞሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሁለት ወንበር አምጣ" አሉ። "ከልጄ ጋር ነው የምናመዛዝነው።"