ኢዲዶ ላይ ያስተረጎምኩበት ቀን

መርዶ ነጋሪዎች ለምን በማለዳ እንደሚመጡ ታውቃላችሁ? ሰው በደንብ ሳይነቃ ሐዘኑ ቀለል የሚል ይመስላቸዋል መሰለኝ። እኔ ግን ቀድሜያቸው ነቅቼ ነበር። ዲላ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከድር፣ ለሠርግም ለክረምት ጎርፍም የማይዘጉት ሰውዬ፣ ያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጋር ደጄ ላይ ቆመዋል። ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ለሐሞት ጠጠር ሐዋሳ ሊታከም የሄደው ባለቤቴ ታሪኩ እንደማይመለስ የገባኝ ማንም አፉን ሳይከፍት ነው።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፤ በር እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ለቅሶ የመጡት ሴቶች «ኧረ አንድ ቦታ እረፊ!» ይሉኛል። የት?

ስለዚህ በሁለተኛው ወር፣ በየዓመቱ ለኢዲዶ መንደር ልጆች ወንጌል ሊያስተምሩ ከባሕር ማዶ የሚመጡት እንግዶች ደርሰው አስተርጓሚ ሲጠፋ፣ «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ያስተረጎመላቸው ታሪኩ ነበር። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ከእሱ የተሻለ እንደማውቅ እሱም አይክድም ነበር። እንግዶቹ አገራቸው ሲገቡ «ከልጆቹ ጋር ልብ ለልብ ተገናኘን» ብለው ይጽፉልን ነበር። እውነትም ልጆቹ ይወዷቸዋል።

ልጆቹ ግን ገና አልሰሙም። መርዶ ነጋሪዋ እኔ መሆኔን ያወቅኩት መኪና ውስጥ ነው። የእንግዶቹ መሪ፣ ሽበታም ሴትዮ፣ «መጀመሪያ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ» አለችኝ። እስክንደርስ ድረስ እግሬ የመኪናውን ወለል ሲመታ ነበር።

ልጆቹ ከቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ አጠገብ ተሰብስበዋል። ሴትዮዋ እንባዋን እየጠረገች ተናገረች። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ በጌዴኦኛ አስተረጎምኩ፦ «ወዳጃችን ታሪኩ ሞቷል።»

«አላለችም!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ። እየሳቁ።

ደገምኩት። «አላለችም!» አሁን ደግሞ በጭብጨባ።

ሴትዮዋ ክንዴን ያዘች። «ለዚህም ‹አሜን› ይላሉ እንዴ?»

ዘጠኝ ዓመት አሜን መስሏት ኖሯል!

ከፊት የተቀመጠች፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ አዘነችልኝ። «ቲቸር፣ አያውቁም እንዴ? ጋሼ ታሪኩኮ ያልተባለ ይጨምራል። ዮናስን የዋጠው ዓሣ በባጃጅ ዲላ ድረስ መጣ ይለናል። እኛ ‹አላለችም!› እንላለን። እሱ እጁን አንስቶ ‹ብላለች፣ እግዜር ምስክሬ ነው!› ብሎ ይምላል። ከዚያ ነው እውነቱን የሚነግረን። በሉ ይማሉና ይንገሩን።»

እጄን አነሳሁ። «ብላለች» አልኩ። የእግዜርን ስም መጥራት አቃተኝ። ልጆቹ እውነቱን ይጠብቃሉ፤ እኔ ሌላ እውነት የለኝም። ልጅቷ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። ዝምታው ከእሷ ተነስቶ እስከ ኋላ ረድፍ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው አይጸለይም፣ ለቀሩት ነው እንጂ፣ ብላ ታስተምራለች። አልከራከርም። ነገር ግን ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፈጣሪ ስም በሐሰት እየማለ ልጆች ያሳቀ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ማስተርጎም በማይቻልበት በእሱ ፊት ቆሟል። እባካችሁ፣ ጸልዩለት።