ስምንት ሰዓት በማን አቆጣጠር?

ወገን፣ ዛሬ ራሴን ምን ዓይነት ጉድ እንደሠራሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም!

እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ መኪና መለዋወጫ መደብር የኮምፒውተር ሠራተኛ ነኝ። ሚስቴና ልጄ ድሬዳዋ ናቸው። ካየኋቸው ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልጄ ሐያት መራመድ ስትጀምር ያየኋት በቪዲዮ ነው። አሁን ስልኩን ራሱን «አባ» ትለዋለች።

ስልኩን!

እረፍት በጠየቅኩ ቁጥር አለቃዬ ማዳም ዘይነባ «ባክአፑን ማን ያደርግልኛል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የመደብሩን ዳታቤዝ በየቀኑ በእጄ ኮፒ የማደርገው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ተስማማን። ባክአፑ እኔ ሳልነካው ሰባት ቀን ከሠራ፣ ባቡር እሳፈራለሁ።

እኔስ መች ሰነፍኩ! ስክሪፕት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ዳታቤዙን ያቆማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ መልሶ ያስነሳል። ሰው በሌለበት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራውን እንዲጀምር 8 ብዬ አዘዝኩት። ሄጄም ለሐያት ሲረግጡት የሚጮህ ጫማ ገዛሁ።

ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ መደብሩ ተከፍቶ፣ ደንበኛ ተሰልፎ... ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ቀጥ!

ለካ ኮምፒውተር እንደኛ ከንጋት አይቆጥርም! ለእሱ 8 ማለት የኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ስክሪፕቱ ምን አጠፋ? ያዘዝኩትን ነው የሠራው።

አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ፍሬን ሸራ እንኳ አልተሸጠም።

የማዳም ዘይነባ ወላጆች የድሬ ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ስህተቴን ስነግራት በደንበኛው ሁሉ ፊት ጮኸችብኝ።

«ሜ ኖን! ኧረ በጭራሽ! አራት ዓመት ጅቡቲ ኖረህ ሰዓትህ ገና ድሬዳዋ ነው? ሰባቱ ቀን እንደገና ከነገ ይቆጠራል!»

ደንበኛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? 8ቱን አጥፍቼ 2 ብዬ ጻፍኩ።

ለሚስቴ ደውዬ ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት። «አቦ፣ ሰዓቱማ እዚህ ከኛ ጋር ነው በላት!» አለችኝ። ሐያት «አባ! አባ!» እያለች ስልኩን ትጎትትባታለች።

እውነቷን ነው፣ ሰዓቴስ እዚያው ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ናፍቀውኛል። ጫማውም እስክደርስ እንዳያንሳት ፈርቻለሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ሰባት ቀን በማን አቆጣጠር ነው ቶሎ የሚያልቀው?