ፕሎተሩና የእትዬ ዘምዘም ገመድ

ቢሮ ለቢሮ ለሚንከራተት ሰው ከሁሉ የከፋው ቃል «አይሆንም» ይመስላችኋል? አይደለም። «አይሆንም» ጨዋ ቃል ነው። ይግባኝ ይባልበታል፣ ይረገማል፣ ቢያንስ ቁርጥን አውቆ ወደ ቤት ይገባል። የከፋው «ተመርቷል» ነው። ደብዳቤዎ ተመርቷል። ለማን? ለሚመለከተው ክፍል። የሚመለከተውም ክፍል፣ ስሙ እንደሚነግራችሁ፣ ይመለከተዋል፤ ከዚያ በላይ ምንም አያደርገውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶች የመንግሥት ደብዳቤ አላዩም። ደብዳቤ እግር አያወጣም። ወይ ባለጉዳይ ይሸከመዋል፣ ወይ እንደተቀመጠ ያረጃል።

ተናድጃለሁ፤ አልደብቃችሁም። ግን ዕድሜዬን ዜና ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ንዴት ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁትንና ያነበብሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ፤ መናደዱን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለ አንባቢ ሁሉ «የኛው ነው» ማለቱ ስለማይቀር ለሁሉም ትቼዋለሁ።

እትዬ ዘምዘም የልጅነት ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ስቀር እሳቸው አምባሰል፣ ከባላቸው ጋር ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ቀሩ። ባለፈው ክረምት የድንበር ጎረቤታቸው አያ ይመር ሲያርሱ፣ ሲያርሱ፣ የድንበሩን ድንጋይ አለፉት። ኋላም ድንጋዩን ነቀሉትና ከጅረቱ ዳር ያለውን የማሽላ ማሳ ግማሹን ወደራሳቸው ቀላቀሉት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አያ ይመር ሦስት ምስክር አቆሙ። የእትዬ ዘምዘም ምስክር ባላቸው ነበሩ፤ እሳቸውም ሞተዋል። ዳኛው የሁለቱን ማሳና የጅረቱን አካሄድ ባንድ ላይ የሚያሳይ ሰፊ ካርታ መሬት ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ አዘዙ። ሁለት ቀጠሮ ያለ ካርታ አለፈ። በሦስተኛው ካልቀረበ መዝገቡ ባለው ማስረጃ ይወሰናል ተባለ። ያለው ማስረጃ የአያ ይመር ሦስት ምስክር ነው።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ካርታው ኮምፒውተር ውስጥ አለ። የተለካ፣ የተረጋገጠ፣ በልኬታው ቀን አያ ይመር ራሳቸው ቆመው አይተው የፈረሙበት፣ ፊርማቸውም አብሮ ኮምፒውተር የገባበት ነው። የቀረው ማተም ብቻ ነው። ለዚሁ ተብሎ የመጣ ፕሎተር አለ፤ አልጋ የሚያክል፣ ትልልቅ ካርታ የሚያትም ማሽን። እሱም እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሟል። ካርታው እዚህ፣ ማሽኑ እዚያ፣ በመካከላቸው አራት እርምጃ። አራት እርምጃ ለመሻገር ስንት ወር ይበቃል ትላላችሁ?

ለቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ እትዬ ዘምዘም ደወሉልኝ።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ለአገሩ ሁሉ ስትለፈልፍ ኖርህ» አሉኝ። «ለኔም እስቲ አንድ ቀን ለፍልፍልኝ።»

ሚኒባስ ይዤ ሄድሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ላይ የተጠቀለለ አሮጌ ገመድ አለ።

«ገመዱ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ገመድ ጠፋ አሉኛ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርታ ሠሪዋ ሰብለ «የማይታተመው ገመድ ጠፍቶ ነው» ብላቸዋለች። በኛ አገር መሬት የሚለካው በገመድ ነው፤ «ሁለት ገመድ መሬት አለው» ከተባለ የሰውየው ኑሮ ተነገረ ማለት ነው። እትዬ ዘምዘምም የባላቸው መሬት የተለካበትን ገመድ ከቆጥ አውርደው፣ አቧራውን አራግፈው ይዘው መጡ። ቢሮው ሳቀባቸው። እኔ አልሳቅሁም። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ የጎደለውን ለማሟላት አንድ ነገር ይዞ ወደዚያ ግቢ የገባ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ወላሂ አልገባኝም» አሉ። «የጠፋባቸው ገመድ፣ ያመጣሁት ገመድ። ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«የሚፈልጉት የኮምፒውተር ገመድ ነው።»

«ኮምፒውተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚታሰረው?»

ገባሁና ሰብለን ማኅደሩን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ከኔ የባሰ ተናዳ ኖሮ ሁለት ጊዜ አላስለመነችኝም። ከደሴ የመጣው ቴክኒሻን ማሽኑን እግሩ ላይ አቁሞ፣ ቀለሙን አስገብቶ፣ አብሮ የመጣችውን አንዲት አጭር የመሞከሪያ ጥቅል ወረቀት አጉርሶ፣ ከኮምፒውተሩ ሊያገናኘው ሲል ገመዱን ከካርቶኑ ውስጥ አጣው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሄደ፦ «ማሽኑ ከኮምፒውተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ማንኛውም የማተሚያ ገመድ ስለሚሠራ ገመድ ይሟላለት።» የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። ሁለተኛውን እንዳነበቡ የሚያሳይ ምልክት አላገኘሁም። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ መሩት፦ «ለሕዝብ ግንኙነት። ግንኙነት እንዲፈጠር አስፈላጊው ሁሉ ይደረግ።»

አልቀለድሁም። በዓይኔ አንብቤዋለሁ።

ሕዝብ ግንኙነቱም ታዛዥ ሰው ነው። ካሜራውን ይዞ መጣና ኃላፊውን አንድ እጃቸውን ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ አስደግፎ ፎቶ አነሳቸው። ከሥሩም «ማሽኑን ከኮምፒውተር ጋር የማገናኘት ሥራ ተጠናቀቀ» ብሎ ጻፈ። ሪፖርት ሆነ። ወደ ላይ ተላከ። ከዚያ በኋላ ሰብለ ገመድ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ጠይቃለች፤ ሦስቱም ጊዜ የተጻፈላት መልስ አንድ ነው፦ የተገናኘ ማሽን ገመድ አያስፈልገውም።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ።

«ተገናኝቷል እኮ» አሉኝ። «ሪፖርት ተደርጓል።»

«በምን ተገናኘ?»

«አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።»

«እኔና እርስዎም አንድ ክፍል ውስጥ ነን» አልሁ። «ተገናኘን?»

አልተገናኘንም። ወጥቼ የቴክኒሻኑን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ለሰብለ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ማንኛውም የማተሚያ ገመድ። ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ዞረን አየን። ከጎኗ ጠረጴዛ ላይ የሰው ኃይል ክፍል ትንሽ ማተሚያ ተቀምጣለች፤ ገመዷ ከጀርባዋ ተንጠልጥሏል።

«የሌላ ክፍል ንብረት ነው፣ ጋሼ» አለች ሰብለ።

«ትመልሺላቸዋለሽ።»

ነቀለችው። ማሽኑ ጀርባ ሰካችው። ልክ ገባ። ያን ሁሉ ወር ገመዱ ከክርኗ አንድ ክንድ ርቆ ነበር። ኮምፒውተሩ ማሽኑን አላውቀውም አለ፤ ሰብለ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ቴክኒሻኑን እየጠየቀች ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አወረደች፣ ጫነች፣ የወረቀቱን ወርድ ሞላች። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀባት። ማሽኑ እንደታመመ በሬ አጉረመረመና መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

«አብሽሩ፣ እትዬ!» ብላ በመስኮት ጮኸች።

ድምፁን ሰምተው የመጡት ግን ኃላፊው ናቸው። ደስ አላቸው፤ የምር ደስ አላቸው። መጀመሪያ የሚታተመው ግን የማሽኑ ምረቃ ፖስተር ነው አሉ፤ ያው ፎቶ ያለበት። ሰብለ ስለ ማክሰኞው ቀጠሮ ነገረቻቸው። «ይደርሳል» አሉ። ፖስተሩ ታተመ፤ ተጣሞ ወጣና ጥግ ተጣለ። ድጋሚ ታተመ። አሁን አማረ። ኃላፊው ተሸክመውት ወጡ። ሰብለ ካርታውን ስታዝዘው ማሽኑ አንድ ጊዜ ጮኸና ዝም አለ። ጥቅሉ አልቋል።

እትዬ ዘምዘም በሩ ላይ ቆመዋል። አልጮኹም። «ያረቢ» ብቻ አሉ፣ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ ነው ንዴቴ ማስረጃ አለመሆኑን የረሳሁት፤ ያልሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ሰብለ አልተሳደበችም። ጥግ የተጣለውን ጠማማ ፖስተር አነሳች፣ ዘረጋችው፣ ጠርዙን በመቀስ አስተካከለች፣ ገለበጠችና ነጩን ፊት ለማሽኑ አጎረሰችው። ካርታው ወጣ። ሁለቱ ማሳ፣ ጅረቱ፣ የድንበሩ መስመር፣ ሁሉም ጥርት ብሎ። ኃላፊው ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። ገልብጠው አላዩትም። እትዬ ዘምዘም ጠቀለሉትና በዚያው በተሳቀበት ገመድ አሰሩት።

ማክሰኞ ችሎቱ ሞልቷል። ዳኛው ካርታውን ተቀብለው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መልሰው ለእትዬ ዘምዘም ዘረጉላቸው።

«ለተከሳሽ የሚሰጥ ግልባጭ አለ?»

እትዬ ዘምዘም ግልባጭ የሚያውቁት ከመገልበጥ ነው። ካርታውን በሁለት እጃቸው ገለበጡና ለችሎቱ ከፍ አድርገው ያዙት።

«ግልባጩማ ይኸው፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው አንድ እጃቸው ማሽኑ ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ። ከራሳቸው በላይ በትልልቅ ፊደል፦ «ቀልጣፋ አገልግሎት የሕዝባችን መብት ነው!» ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ድረስ አነበቡና ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

«መልሰው ይገልብጡት» አሉ። «ተከሳሽ ቀርበው ካርታውን ይመልከቱ።»

አያ ይመር ቀርበው አዩ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬዱ። ከታች የራሳቸውን ፊርማ አገኙ።

«እኔው የፈረምሁበት ነው» አሉ። «ምን እላለሁ።»

ድንጋዩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ተወሰነ። ካርታው ከነጀርባው መዝገቡ ላይ ተያያዘ። ገመዱን እትዬ ዘምዘም ይዘውት ሄዱ።

ወደ ሐይቅ ስመለስ ሰብለን ላመሰግናት ጎራ አልሁ። ፕሎተሩ ወረቀት ተገኝቶለት እየሠራ ነው። የሰው ኃይል ክፍሏ ትንሽ ማተሚያ ግን ገመድ አልባ ሆና አቧራ ለብሳለች፤ ከፊቷ ሁለት ባለጉዳዮች ቆመው ይጠብቃሉ።

«ገመድ አልተገዛላትም?»

«ደብዳቤ ጽፈናል» አለች ሰብለ። «ማተሚያዋ ግንኙነት የላትም ብለን።»

«እና?»

ዓይኔን ላለማየት ወደ ማሽኑ ዞረች።

«ተመርቷል፣ ጋሼ።»