የተዋጠችው «በ»

ከፊደሎቻችን ሁሉ እንደ «በ» እና እንደ ስድስቱ ልጆቿ አደገኛ የለም። እናንተ በሀሌታው «ሀ» እና በሐመሩ «ሐ» የምትጨቃጨቁ ሊቃውንት ሆይ፣ እነሱ ቢቀያየሩ የሚበላሸው ደብተር ነው። «በ» ስትዋጥ ግን ቤት ይፈተሻል። የተፈተሸ ቤት እመቤት ነኝና እመኑኝ።

ነገሩ የሆነው ልጄን ማርታን አርግዤ ሰባት ወር ሲሆነኝ ነው። ዛሬ አሥር ዓመቷ ነው። ሐኪሙ መረመረኝና «ስኳር አለብሽ» አለኝ። ሳቅሁ። የጉለሌ ሰው ለስኳር ኅብረት ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ይውላል፤ እኔ ሳልሰለፍ ደሜ ውስጥ ተገኘልኝ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። እርግዝናው ያመጣው ነው፣ ስትወልጂ ሊሄድ ይችላል አለኝና ዓይኑን ወደ ሆዴ ዝቅ አደረገ።

«ግን አንዴ የገባበትን ቤት አይረሳም። ላንቺም ለልጅሽም ዓመታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። የግድ ይመጣል አላልኩም፤ ክትትል አታቋርጡ ነው የምልሽ።»

ለማስተምርበት ትምህርት ቤትም ወረቀት ጻፈልኝ፦ «የስኳር መጠኗ ከፍተኛ በመሆኑ የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል።» ይቺን ወረቀት አደራ፣ እንዳትረሷት።

የተመለስነው በውይይት ታክሲ ነው። ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ጉልበት ለጉልበት በሚያጋጥም መኪና ውስጥ ምስጢር እንደማይወራ ባለቤቴ ግርማ ያውቃል። ግን ደንግጦ ነበር። «ስኳር አለብሽ ነው ያለሽ? ብዙ ነው?» እያለ እስከ አዲሱ ገበያ ጠየቀኝ። ብዙ ነው አልኩት። ከፊታችን ዘንቢላቸውን አቅፈው የተቀመጡት ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ዓይናቸው በመስኮት እንጦጦን ያያል፤ ጆሯቸው እኛ ዘንድ ነው። ችግሩ አንደኛው ጆሯቸው በደንብ አይሰማም... «በ»ም የተዋጠችው እዚያ ይመስለኛል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኳር ተውኩ። ግርማም አንቺ ያልቀመስሽውን አልቀምስም ብሎ ሻዩን መራራ መጠጣት ጀመረ። የራሽን ስኳራችንን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ፣ ስወልድ ለሚመጣ ጠያቂ ብለን አጠራቀምን። ጣሳውን የት አስቀመጥነው? አልጋ ሥር። አያችሁ ብልሃታችንን?

በሁለተኛው ወር ማለቂያ፣ ልወልድ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ፣ ከቀበሌ ሦስት ሰዎች መጡ። መሪያቸው ኅብረት ሱቁን የሚቆጣጠረው ጓድ ታምራት ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲገባ ቆቡን አወለቀ።

«እህት፣ እዚህ ቤት ብዙ ስኳር እንዳለ ጥቆማ ደርሶናል። የት ነው?»

«ደሜ ውስጥ» አልኩት።

ወደ ግርማ ዞረ። «ትቀልዳለች?»

«አትቀልድም። ስኳር አለባት እንጂ የላትም።»

«አለ ወይስ የለም? አንዱን ምረጥ።»

ይገላግለናል ብዬ የሐኪሙን ወረቀት አመጣሁ። ጓድ ታምራት ጮክ ብሎ አነበበ። «የስኳር መጠኗ ከፍተኛ በመሆኑ...» ቀና ብሎ አየኝ። «...የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ይኸው፣ ሐኪሙም ደርሶበታል።»

ጣሳውን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። ግርማ ጣሳውን ታቅፎ አብሯቸው ሄደ። ደግነቱ የቀበሌው ሊቀመንበር እናቱ ስኳር ያለባቸው ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ወረቀቱን ሲያነብ ሳቀ። ግርማም ጣሳውም ወረቀቱም ሳይመሽ ተመለሱ። ጣሳው ትንሽ ቀሎ ነበር፤ ግርማ ግን ሙሉውን ነበር፣ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነው።

ማርታ ስትወለድ የሦስት ወር ልጅ ታክል ነበር። ጠያቂው ሁሉ በውፍረቷ እየተደነቀ የጣሳውን ስኳር በሻይ ጠጣ። ምን እንዳወፈራት የምናውቀው እኔና ግርማ ብቻ ነን። የእኔ ስኳር ሐኪሙ እንዳለው ሄደ። የግርማ ሻይ ግን መራራ እንደሆነ ቀረ። ለምን ስለው «ክትትል ላይ ነኝ» ይለኛል። በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ያቺን ወረቀት ይዞ፣ ሁለታችንን ከኋላ አስከትሎ ሆስፒታል ይወስደናል። ማርታን ጣፋጭ አብዝታ እንዳትበላ ይከለክላታል፤ ስሟን ግን «ማሬ» እያለ ነው የሚጠራት።

ግርማ ባለፈው ክረምት ሞተ። ልቡ ነው አሉን። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ዘንድሮ ኅዳር አለፈ፤ ታኅሣሥም አለፈ። ፈተና አርማለሁ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ታክሲ የለም... ሰበብ አላጣሁም። ማርታ ግን ውኃ ማብዛት ጀምራለች። የምትጠጣውን ብርጭቆ ሁሉ እቆጥራለሁ። ሐኪም «አለባት» ቢለኝ፣ በውይይት ታክሲ ውስጥ «ብዙ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለማ! በመጨረሻ አንድ ጠዋት ራሷ ጫማዋን አድርጋ፣ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ ፊቴ ቆመች።

«እማዬ፣ ክትትላችን ቀረ እንዴ?»

ሄድን። እኔንም እሷንም መረመሩን። ውኃውን ያበዛችው ገመድ ስትዘል እየዋለች ኖሯል። ሐኪሟ «ስኳር የለባትም፤ በዓመቱ ግን ተመለሱ» አለችኝ። ከታክሲ ስንወርድ እትዬ ብዙነሽ በራቸው ላይ ቆመው ምን እንደተባልን ጠየቁኝ።

«ስኳር የለባትም፣ እትዬ።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ገቡ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። በእጃቸው ስኳር የሞላ ብርጭቆ ይዘዋል።

«እኔ እያለሁ የግርማ ልጅ ስኳር የላትም ይባላል?»

ላርማቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። የድሮውን ጣሳ አውጥቼ ስኳሩን ገለበጥኩበትና ሻይ ቀዳሁ፤ ለእሳቸው በስኳር፣ ለራሴ መራራውን።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«እኔ ክትትል ላይ ነኝ፣ እትዬ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። በሩን ገልመጥ አድርገው አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደግሞ ዛሬ ምን አድርገሽ ነው?»