ወሎን የሸፈነው ኮት

የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መምህራን አሠልጣኝ ኮሚቴ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደሴ ማሠልጠኛ አዳራሽ ተሰብስቧል። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ በሰዓቱ፣ ማለትም አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦
ጋሽ ደሳለው፣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ኡሙሰልማ፣ የኮምቦልቻ ተወካይ
አቶ ብሩ፣ አባል (ተኝተው)
ጀላል፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ጸሐፊ

አቶ ብሩ ቢያንኮራፉም በአካል ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ የሠልጣኝ ረውዳ የማሳያ ትምህርት

ሠልጣኟ ዛሬ የወሎን መልክዓ ምድር በካርታ አስተምራ ካለፈች ሰኞ ኮምቦልቻ ሥራ ትጀምራለች፤ ካላለፈች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሆኖም ሰብሳቢው ካርታው በተንጠለጠለበት፣ በአዳራሹ ብቸኛ ምስማር ላይ ኮታቸውን ስለሰቀሉ ወሎ ጨርሶ አልታየም። ጎንደር በከፊል ታይቷል።

ወ/ሮ ኡሙሰልማ ኮቱ ይነሳ አሉ። ሰብሳቢው ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው እንደማያውቁ፣ ለብሰውም ስብሰባ መርተው እንደማያውቁ አስረዱ። ሠልጣኟ «ጋሼ፣ እኔ ልያዝልዎት» ብትል «በየትኛው እጅሽ ልታስተምሪ?» ተብላለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለተኛ ምስማር እንዲመታ ተወሰነ። ምስማር ተገኘ፤ መዶሻ አልተገኘም። ሥራው በአቶ ብሩ ጫማ ተሞከረ። ባለቤቱ አልነቁም፤ ተረከዙ ግን ወልቋል። ምስማሩም ጎብጧል።

አጀንዳ 2፦ ሥልጠናውን ወደ ኮምቦልቻ ስለማውረድ

ወ/ሮ ኡሙሰልማ «ወላሂ፣ እኛ ዘንድ በዚያ ሙቀት ኮት የሚያስብ የለም» ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አቶ ብሩ እጃቸውን ያወጡት በሕልማቸው እንደሆነ ተጠርጥሯል።

ጸሐፊው፣ ሰብሳቢው በደሴ ብርድ ያወለቁትን ኮት ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሊለብሱት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እንዲጽፍ እንጂ እንዲያስብ እንዳልተመረጠ ተነገረው። ቢሆንም ውሳኔው በዝምታ ተሰረዘ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ረውዳ ሳይፈቀድላት ተነሥታ ኮቱን ማስተማር ጀመረች። ኮሌታው የቶሳ ተራራ፣ ትከሻው ደሴ፣ ቁልቁል የሚጠማዘዘው ስፌት የሐረጎ መንገድ፣ ኪሱ ኮምቦልቻ፣ ጫፉ ደጋን ከተማ ሆነ። «ከፍታው ሲቀንስ ይሞቃል። ትከሻ ላይ ንፋስ ነው፤ ኪስ ውስጥ ግን እጅ ይሞቃል» አለች።

ወ/ሮ ኡሙሰልማ «ማሻአላህ፤ ኪስ በመባላችን አልተከፋንም» አሉ። ሠልጣኟ አልፋለች ተባለ። ኮቱም የትምህርት መርጃ መሣሪያ ስለሆነ ከግድግዳው እንዳይነሳ ተወሰነ።

ወዲያው ጭጋግ በመስኮት ገባ። ሰብሳቢው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ፤ ራሳቸው ደገፉ፤ ኮታቸውን አውርደው ለበሱ።

«ጋሼ፣ የኔም ማለፍ ተሻረ?» አለች ረውዳ።

ሰብሳቢው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ኮምቦልቻስ እውነትም ይሞቃል» አሉ። «ሰኞ ሥራ ግቢ።»

ከዚህ በቀር ሁሉም ተሽሮ ስብሰባው ስድስት ሰዓት ላይ ተበተነ። አቶ ብሩ ነቅተው ምን ተወሰነ ብለው ጠየቁ። የተወሰነው ሁሉ እንደተሻረ ተነገራቸው።

«ታዲያ ተረከዜስ?» አሉ።