የሚስተር ሃሪ ዘር ቆጠራ

ዘሩን የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው እጠረጥራለሁ። ሁሉም ቆጥሮ ቆጥሮ ደጃዝማች ላይ ሲደርስ ያቆማል። የደጃዝማቹ በቅሎ ጠባቂ ልጆች የት ገቡ?

በስደት በምኖርበት ኢስትሙር ሰፈር ውስጥ ሆም ኬር፣ ማለትም ቤታቸው ድረስ ሄጄ የመንከባከብ ሥራ፣ የምሠራላቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ሃሪ፣ ደጃዝማቻቸውን ያገኙት ኬንያ ነው። አያታቸው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሹም ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡም እዚያው ሰፊ እርሻ ይዘው ቀሩ።

"አገሬው እንደ አባት ይወዳቸው ነበር" አሉኝ አንድ ቀን፣ መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው።

"መሬቱን ማን ሰጣቸው?"

"ባዶ ነበር።"

ባዶ ከነበረ የወደዳቸው አገሬው ከየት መጣ? ይህን ግን በሆዴ ነው ያልኩት፤ ሥራዬን ማጣት አልፈለግኩም።

ከዚያ ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቃቸውን በፖስታ ላኩ። ውጤቱ ሲመጣ የቅርብ ዘመድ ተገኘ፦ ከእኛ ብዙ በማይርቀው ሬይኖልድስበርግ የምትኖር ዋንጂሩ የምትባል ኬንያዊት ነርስ።

"ተሳስተዋል" አሉ ሚስተር ሃሪ። ቢሆንም ኮል አደረጉላትና እሁድ ከሰዓት መጣች። በሩን ስከፍትላት ሽማግሌው ደነገጡ፤ የራሳቸው አፍንጫ ፊታቸው ቆሟል።

"አያቴ የእርሻው ምግብ አብሳይ ነበረች፤ አባቴን የወለደችውም እዚያው ነው" አለች ዋንጂሩ። "የእርስዎን አያት ስም ግን አንድም ቀን አልጠራችም።"

"ትወዳቸው ነበር?" አሉ ሽማግሌው።

"ትፈራቸው ነበር።"

ሚስተር ሃሪ ወደ በሩ ተመለከቱ። ሊያስወጧት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

"የአያትሽ ስም ማን ነበር?" አሉ ቀስ ብለው።

ዋንጂሩ ኮቷን አውልቃ ተቀመጠች።